የምንይሉ ጉልበትና የዓለም መጀመሪያ

ቢቸና ውስጥ ቴሌቪዥን የተበላሸበት ሰው ምንይሉን ከመጥራቱ በፊት ሁለት ነገር ያዘጋጃል፤ መሰላልና ትዕግሥት። መሰላሉ ለምንይሉ ነው፤ ትዕግሥቱ ለራሱ። ምንይሉ ጣሪያ ላይ ወጥቶ ዲሽ ለማስተካከል ብዙ አይፈጅበትም። ከዚያ በኋላ ግን ሳተላይቱ ሳይወድቅ ሰማይ ላይ እንዴት እንደሚቆይ፣ ደመና ሲከብድ ምስሉ ለምን እንደሚቆራረጥ፣ የጎረቤት ዲሽ ለምን ወደ ሌላ አቅጣጫ እንደሚያይ ሳያስረዳ አይወርድም። ከታች የቆመው ሰው «ገባኝ» ቢለው አያምንም። ዐሥራ ሦስት ቁጥር የብሎን ቁልፉን በጣቶቹ መካከል እያሽከረከረ «እስቲ መልሰህ ንገረኝ» ይላል።

ሙያውን የተማረው በወጣትነቱ ደብረ ማርቆስ ሄዶ ነው። ሬዲዮና ቴፕ በመጠገን ጀመረ። ካሴት ሲቀር ወደ ቴሌቪዥን ዞረ፤ ዲሽ ሲመጣ ደግሞ ጣሪያ ላይ ወጣ። ጣሪያው እንጀራውን ሰጠው፣ መሰላሉ ጉልበቱን ወሰደው። አምሳን ካለፈ ወዲህ ሁለቱም ጉልበቶቹ ዘይት እንዳጣ ማጠፊያ ይንቋቋሉ። ሚስቱ አምሳለች ወደ ቤት መምጣቱን የምታውቀው በር ሲንኳኳ ሳይሆን ጉልበቱ ሲንኳኳ ነው።

ይህ ሁሉ እያለ በትርፍ ጊዜው የያዘው ሥራ ከማንም ሥራ ይልቅ ጉልበት የሚጠይቅ ነበር፤ ሽምግልና። በዚህ አገር ልጃገረድ ለማስጠየቅ የተላከ ሽማግሌ እሺ ሳይባል አይቀመጥም። የልጅቷ አባት «አረፍ በሉ እንጂ» ይላሉ፤ ሽማግሌዎቹ «ጉዳያችን ሳይሰማ አናርፍም» ብለው ከዘራቸውን ተደግፈው ይገተራሉ። ጥያቄውም ይጠየቃል፣ ዘሩም ይቆጠራል፣ እነሱ እንደቆሙ ናቸው። አምሳለች «ጉልበት የሌለው ሰው መቆሚያ ሥራ ፈልጎ ገባ» እያለች ትስቅበታለች። ምንይሉ ግን ሽምግልናና ዲሽ አንድ ሙያ ናቸው ባይ ነው፤ በሁለቱም ጥቂት መግፋት፣ ጥቂት መመለስ፣ ከዚያ ከታች ያለው ሰው «መጣ!» እስኪል መታገሥ።

ነገሩ የጀመረው በግቢው ውስጥ ነው። ከሆሳዕና ተመድቦ የመጣ እዮብ የሚባል የፊዚክስ መምህር የምንይሉን አንዷን ክፍል ተከራይቶ ይኖራል። ዝምተኛ ልጅ ነው፤ ሳይጠየቅ አይናገርም፣ ከተጠየቀ ደግሞ የሚያውቀውን ያህል ብቻ ይናገራል። ይህ ለምንይሉ ሊገባው ያልቻለ ጠባይ ነበር። አንድ ቅዳሜ ምንይሉ ጀርባው ያበጠ አሮጌ ቴሌቪዥን ግቢ ውስጥ ዘርግቶ ሲፈታ፣ እዮብ በዚያው ልብሱን ያጥባል። ቴሌቪዥኑ ሲበራ ምስል የለም፤ ስክሪኑን የቢቸና ሰው «ጉንዳን» የሚለው ነጭና ጥቁር ነጥብ ወረረው፤ ሺሺሺ እያለ ይንሿሿል። ምንይሉ ይህን ጉንዳን ዕድሜውን ሙሉ እንደ ዝንብ ሲያባርር የኖረ ሰው ነው።

«ጋሼ» አለው እዮብ ሸሚዝ እየጨመቀ፣ «ከዚህ ውስጥ ጥቂቷ እኮ ከዓለም መጀመሪያ የተረፈች ናት።»

ምንይሉ ብሎን መፍቻውን አስቀመጠ። እዮብም አስረዳው። በመጀመሪያ ሁሉም ነገር እጅግ የጋለና የተጠቀጠቀ ነበር፤ ከዚያ እየተዘረጋ እየቀዘቀዘ ሄደ። ገና ፀሐይና ከዋክብት ሳይኖሩ የተለቀቀ ብርሃን ነበር፤ ዓለም ሲዘረጋ ብርሃኑም አብሮ ተዘርግቶና በርዶ በዓይን ከማይታይ ሞገድ ደረሰ። እስከ ዛሬም ከሰማይ በሁሉም አቅጣጫ ይመጣል፣ የቴሌቪዥን አንቴናም ጥቂት ይይዘዋል። ከጉንዳኑ መቶ እጅ አንዷ ብትሆን ነው አለ። ይህን ብሎ ልብሱን ሊያሰጣ ሄደ፤ ለእርሱ ነገሩ በዚሁ አለቀ።

ለምንይሉ ግን ገና ተጀመረ። ሰኞ ዕለት ጣሪያ ላይ ነበር፤ የእህል ነጋዴው የባንተአምላክ ጣሪያ። ዲሹን ሲያዞር ከውስጥ «ሄደ! ጉንዳን ብቻ ነው!» የሚል ጩኸት ሲሰማ፣ ምንይሉ ከላይ ሆኖ ያ ጉንዳን ዓለም ከተፈጠረባት ቀን የመጣ ድምፅ እንደሆነ፣ ይህንንም መምህር እዮብ እንደነገረው አበሰረ። ስለ መቶ እጅ አንዷ አላነሣም። ሰው ከጣሪያ ላይ ሲጮኽ ዝርዝር አይመቸውም። በሚቀጥለው ጣሪያ ላይ «የተፈጠረባት ቀን ድምፅ» እያለ ሳለ ባለቤቲቱ «የማን ድምፅ?» ብትለው፣ «እንግዲህ ያን ዕለት የነበረው ማን ነው?» አላት። ከዚያ ወዲህ ነገሩ ከእጁ ወጣ።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ባንተአምላክ በአይሱዙው ጤፍ ጭኖ ወደ ሰሜን ሲወጣ ወሬውንም ጭኖ ወጣ። ግንደወይን ላይ ሲራገፍ፣ አንድ የቢቸና መምህር የእግዚአብሔርን ድምፅ በቴሌቪዥን ይዟል ተባለ። ሞጣ ሲገባ ደግሞ መምህሩ ዓለም በፍንዳታ መጣ ይላል፣ ፈጣሪ የሚባል የለም ይላል ተባለ።

ይህ ወሬ ሌላ ጊዜ ቢሆን ተወርቶ ያልፍ ነበር። ችግሩ ስርጉት ናት። ስርጉት በቢቸና ጤና ጣቢያ ነርስ ናት፤ እዮብ ታይፎይድ ይዞት መርፌ ሲወጋ ተዋወቁ፤ ከዳነም በኋላ መመላለሱን አልተወም። ወላጆቿ ሞጣ ናቸው። አባቷ መሪጌታ ሀብተ ሥላሴ የመጻሕፍት ትርጓሜ መምህር ናቸው፤ ከቤታቸው ጀርባ የተማሪ ጎጆ ተደርድሯል፣ አገሩ «የኔታ» ይላቸዋል። እዮብ ሊያገባት ሲወስን፣ ወላጆቹ ሩቅ ስለሆኑ ሽማግሌ የሚሆነው አከራዩ ነው። ምንይሉም የእዮብን የነፍስ አባት ቄስ ገብረ ክርስቶስንና ባንተአምላክን አስከትሎ፣ ሦስቱም በአይሱዙው ጋቢና ተጠቅጥቀው፣ መንገዱ ሰላም ነው በተባለበት ሳምንት ሞጣ ሄዱ።

የኔታ በክብር ተቀበሏቸው፤ አረፍ በሉ አሉ፣ አናርፍም ተባሉ። የመጡበትን ሰሙ። የእዮብ ዘር እስከ ሰባት ቤት ሲቆጠር በትዕግሥት አዳመጡ። ከዚያ ጭራቸውን ጭናቸው ላይ አሳርፈው እንዲህ አሉ፦

«ልጁ ዓለም በፍንዳታ መጣ ይላል አሉ። እኔ ፍንዳታ የማውቀው ሲያፈርስ ነው፤ ሲሠራ አይቼ አላውቅም። ይህን አስረድታችሁኝ ኑ። እኔ ብቻ ሳልሆን ይርጋነሽም እንዲገባት አድርጋችሁ።»

ይርጋነሽ ባለቤታቸው ናቸው። ምንይሉ ልጁ ራሱ መጥቶ ያስረዳ ብሎ ሞከረ። የኔታ ሙሽራ በሽምግልና ቀን የአማቱን ደጅ አይረግጥም አሉ፤ ደግሞም ስለ ሰው የሚናገር ሽማግሌ የሚናገረውን ይወቅ። ሳይቀመጡ ገቡ፣ ሳይቀመጡ ወጡ። በመልስ ጉዞ ባንተአምላክ ማርሹን ከወትሮው አጥብቆ ይቀይራል፤ ቄስ ገብረ ክርስቶስ በመስኮት ወደ ውጭ ያያሉ። ሁለቱም ያኮረፉት ምንይሉን ነበር።

አምሳለች ጉዳዩን ስትሰማ መላጣውን ዳሰስ አድርጋ «አፍ ሲያመልጥና ራስ ሲመለጥ አይታወቅም አሉ፤ አንተን እግዜር ሁለቱንም ሰጠህ» አለችው። ስርጉት መጥታ የእዮብ ክፍል ደጃፍ ላይ ቆማ ሄደች። አባቷ አንድ ጊዜ አይሆንም ካሉ የሚመልሳቸው እንደሌለ ሁሉም ያውቃል። እዮብ ለአከራዩ ክፉ ቃል አልተናገረም። ይኸው ነው ምንይሉን የበለጠ የከነከነው፤ ቢሰድበው በቀለለው ነበር።

እናም ምንይሉ ትምህርት ገባ። ቀን ሥራውን እየሠራ፣ ከሰዓት በኋላ እዮብ ከትምህርት ቤት ሲመለስ በግቢው አግዳሚ ላይ ያጠናል። እዮብ በመጀመሪያ «ፍንዳታ» የሚለውን ቃል ይጣሉት አለ፤ ስሙ እንዲያ ወጣለት እንጂ የፈነዳ ነገር የለም፣ ቦምብም ጩኸትም የለም፤ መዘርጋት ነው። ይህንንም ፊኛ ላይ በእስክሪብቶ ነጥብ ነጥብ አድርጎ፣ ሲነፋ ነጥቦቹ እንዴት እንደሚራራቁ አሳየው። ምንይሉ ወደደው። ግን ለሞጣ አይሆንም አለ።

«የኔታ ቤት ፊኛ እየነፋሁ ልግባ? ልደት አከብራለሁ እንዴ?»

ከዚያ ዋናውን ጠየቀ። ከዚያ በፊትስ ምን ነበር? እዮብ «አናውቅም» አለ። ምንይሉ ጥቂት ጠበቀ፤ የሚጨመር ነገር ያለ መስሎት። የለም። ምንይሉ ተቆጣ። አናውቅም የሚል መልስ ይዞ ሞጣ ድረስ ሰው ይሄዳል ወይ፣ ጤፍ የሌለው ጆንያ ጭኖ ገበያ እንደ መውጣት አይሆንም ወይ፣ ለሽማግሌዎቹ ሲባል እንኳ አንድ ነገር ብትል ምን ይጎድልሃል፣ ብሎ ለመነው። እዮብ ፈገግ አለና፣ ብዙ ሰው ብዙ ነገር ይገምታል፣ እኔ ግን የማውቀው እስከዚያ ድረስ ነው፣ የማላውቀውን ጋሼ እንዲናገሩልኝ አልፈልግም አለ።

በሌላ በኩል ቄስ ገብረ ክርስቶስ ስለ ቤተ ክርስቲያን ትምህርት ያሰለጥኑታል፤ የኔታ ፊት እንዳይወድቅ። ሃያ ሁለቱ ፍጥረታት በስድስት ቀን፤ ከነዚህም ስምንቱ እሑድ፤ ሰባቱ በዝምታ፣ ብርሃን ግን «ይሁን» ተብሎ በቃል። ፀሐይ ረቡዕ ናት። ምንይሉ አንድ ጊዜ ሁለቱን አደባልቆ «እሑድ ዕለት ሃይድሮጅን» ብሎ ሲጀምር ቄሱ መቋሚያቸውን አነሡ። በሬና ፈረስ በአንድ ቀንበር አይጠመዱም፤ የእዮብን ስትናገር የእዮብን፣ የእኛን ስትናገር የእኛን፣ አሉት።

በሁለተኛው ጉዞ ሞጣ ሲደርሱ የገበያ ቀን ነበር። የየኔታ ቤት ከፍ ብላ የተሠራች ናት፤ ከደጃፉ ላይ ገበያው ቁልጭ ብሎ ይታያል። ገቡ። አረፍ በሉ ተባሉ፣ አናርፍም አሉ። የኔታ መደቡ ላይ ናቸው፣ ወይዘሮ ይርጋነሽ ከጎናቸው በርጩማ ላይ፤ በመጋረጃው ወዲያ ደግሞ ከቢቸና ቀድማ የመጣችው ስርጉት እንዳለች ከጫማዋ ጫፍ ይታወቃል። በማዕዘኑ ላይ ዳንቴል የለበሰ ጀርባው ያበጠ ቴሌቪዥን አለ። ምንይሉ በልማዱ አንድ ጊዜ አየውና ሪሲቨሩ እንዳልበራ ልብ አለ።

ስለ ዘር ባለፈው ጊዜ ተብሏልና ወዲያው ወደ ነገሩ ተገባ። ምንይሉ ያጠናውን ጀመረ፤ ፍንዳታ የሚለው ቃል ልክ አይደለም፣ መዘርጋት ነው አለ። የኔታ ራሳቸውን ነቀነቁ። ወይዘሮ ይርጋነሽ ግን ሊጡ ነው የሚዘረጋው ወይስ ምንጣፉ ብለው ጠየቁ። ምንይሉ ላበው። ጉልበቱም ጀመረው። ሽማግሌ አይቀመጥም እንጂ መራመድ አልተከለከለምና፣ ጉልበቱን ለማሳረፍ ወደ በሩ ሦስት አራት እርምጃ ሄደ። እዚያም መልሱ ተገትሮ ጠበቀው።

ገበያው ይበተናል። ሰዉ በግንደወይን መንገድ፣ በአዴት መንገድ፣ በየቀጭኑ የእግር መንገድ አህያውን እየነዳ ወደየአገሩ ይሄዳል። ምንይሉ ወይዘሮ ይርጋነሽን ወደ በሩ ጠራቸው። እነዚያን ይመልከቱ አላቸው። እኒያ ሩቅ የደረሱት ፈጣኖቹ ናቸው፣ እነዚህ ቅርብ ያሉት አዝጋሚዎቹ። አሁን ገበያውን ያላየ ሰው፣ መንገዱንና የሰዉን አካሄድ ብቻ አይቶ ወደ ኋላ ቢያስብ፣ ሁሉም ከጥቂት ሰዓት በፊት አንድ ቦታ ተፋፍገው እንደነበር ያውቃል። እዮብና መምህሮቹም ያዩት ይህንኑ ነው፤ የከዋክብት መንደሮች እርስ በርስ ይራራቃሉ፣ የራቁትም ይበልጥ ይፈጥናሉ። ወደ ኋላ ቢቆጥሩ ዐሥራ አራት ቢሊዮን ዓመት ሊሞላ ጥቂት ከሚቀረው ዘመን በፊት ሁሉም አንድ ላይ ተጠቅጥቆ ነበር።

ወይዘሮ ይርጋነሽ መንገዱን ለረጅም ጊዜ አዩት። ይህስ ገባኝ አሉ። ምንይሉ መልሰው ይንገሩኝ ሊል አፉን ሲከፍት ቄሱ ሳሉበት።

የኔታ ግን ከመደቡ ላይ ሆነው ነገሩን እንደ ተማሪ ቃል አገላብጠው ጉድለት አገኙበት። ገበያው ሜዳ ላይ ነው አሉ፤ ሰዉ የሚበተንበት ሜዳ አስቀድሞ አለ። ለዓለምስ ሜዳው ምንድን ነው? ምንይሉ በዚህ ተዘጋጅቷል። ሜዳውም አብሮ የተጠቀለለ ነበር ይላል እዮብ፣ የሚዘረጋው ራሱ ሜዳው ነው፣ ምሳሌዬ እዚህ ላይ ታነክሳለች አለ። የኔታ «ምሳሌ ሁሉ ታነክሳለች፤ ካላነከሰች ራሷ ነገሩ ናት» አሉና ደስ አላቸው።

«ገበያውንስ ማን ጠራው?» አሉ ወይዘሮ ይርጋነሽ በድንገት።

ባንተአምላክ ከዘራውን ጠበቅ አደረገ። መጋረጃው ተንቀሳቀሰ።

«እሜቴ» አለ ምንይሉ፣ «እኔ ጣሪያ ላይ ስወጣ ሞገዱ ከየት በኩል እንደመጣ አገኘዋለሁ። ፕሮግራሙን ያዘጋጀው ማን እንደሆነ ግን ዲሹ አይነግረኝም። እዮብ ቅዳሴ ሲሄድ ዲሹን ይዞ አይሄድም፤ ክፍል ሲገባም ቅዳሴውን ይዞ አይገባም።»

ይህን ያጠናው አልነበረም። ከራሱ ወጣለትና ራሱን ደስ አሰኘው፤ ጉልበቱን እንኳ ረሳው። የኔታ ግን ጭራቸውን አንድ ጊዜ አወዛወዙ።

«ዲሹ አይነግርህም። መልካም። ታዲያ የእግዚአብሔር ድምፅ በቴሌቪዥን ይሰማል ያለው ማነው?»

ምንይሉ መውጫ ፈለገ። ልጁ ወጣት ነው፣ ተሳስቶ ይሆናል ማለት ይቻላል። ባንተአምላክ አጋንኖት ነው ማለትም ይቻላል፤ ባንተአምላክ ደግሞ እዚሁ ቆሟል። ወደ መጋረጃው ሲያይ የጫማዋን ጫፍ አየ።

«እኔ ነኝ፣ የኔታ። ልጁ ያለኝ ሌላ ነው። ጣሪያ ላይ ሆኜ ያጋነንኩት እኔ ነኝ።»

«እኔም ጨምሬበታለሁ» አለ ባንተአምላክ መሬት መሬት እያየ።

«የተጨመረውን ሁሉ አንተ ላይ አልጭንም» አሉ ቄስ ገብረ ክርስቶስ። «ግንደወይንም የድርሻዋን ጨምራለች።»

የኔታ አልሳቁም፤ ጢማቸው ግን ተንቀሳቀሰ። እንግዲያው ልጁ ያለውን፣ ልጁ ያለውን ብቻ ንገረኝ አሉ። ምንይሉ ፈቃድ ጠይቆ ወደ ቴሌቪዥኑ ሄደ፤ ዳንቴሉን በክብር አጥፎ ለወይዘሮ ይርጋነሽ ሰጠ፣ የሪሲቨሩን ገመድ ነቀለና ከላይ ያለውን አንቴና መዝዞ አበራው። ጉንዳኑ ስክሪኑን ሞላው፤ ሺሺሺ አለ። ምንይሉ ዝቅ ባለ ድምፅ አስረዳ። ድምፅ አይደለም፣ ብርሃን ነው። ፀሐይ ሳትኖር፣ ኮከብ ሳይኖር የወጣ፣ ዘመን ያቀዘቀዘው ብርሃን። ዓይን አያየውም፤ ይህች ሽቦ ግን ትይዘዋለች።

«ይህ ሁሉ?» አሉ የኔታ ወደ ስክሪኑ ጠጋ ብለው።

ይህ ሁሉ ብሎ ስንት ጣሪያ ላይ ምሏል። አንደበቱም ለምዶት ነበር።

«ከመቶው እጅ አንዷ። የቀረው የመብራት ሽቦ ነው፣ የሞባይል ነው፣ የባጃጅ ነው። የራሱ የቴሌቪዥኑ እርጅናም አለበት።»

ቄስ ገብረ ክርስቶስ እዚህ ላይ መታገሥ አቃታቸው። ፀሐይ ሳትፈጠር ብርሃን ካሉ፣ እሑድ ብርሃን፣ ረቡዕ ፀሐይ፣ የእኛኑ ነው የሚሉት እኮ፣ ብለው ጀመሩ። የኔታ እጃቸውን አነሡ። አትቸኩሉ አባ፣ አሉ። የልጁ መምህሮች ቁጥራቸውን እያረሙ የሚሄዱ ናቸው፤ ሙያቸው ነው፣ አይነቀፍም። ዛሬ ከእነሱ ጋር ብንታሰር፣ ነገ ሲያርሙ እኛም ልናርም ነው? እኛ እምኀበ አልቦ፣ ካለመኖር አመጣው እንላለን፤ ያን የሚለካ ሽቦ የለም። ከዚያም ወደ ምንይሉ ዞሩ።

«ከዚያ በፊትስ ምን ነበር ይላል ልጁ?»

ይኸው መጣ። ምንይሉ ይህን ጥያቄ ከቢቸና ጀምሮ ሲፈራው ነበር። ጉልበቱ አሁን ከመንቋቋት አልፎ መድረቅ ጀምሯል።

«የኔታ፣ ለምኜዋለሁ። ለሽማግሌዎቹ ሲባል አንድ ነገር በል ብዬዋለሁ። አናውቅም ብቻ ነው ያለኝ። የማላውቀውን አይናገሩልኝ አለ።»

«ሌላ ምንም አልጨመረም?»

«ምንም። እኔ ብሆን ኖሮ ጨምሬ ነበር።»

«አንተንማ አወቅንህ» አሉ የኔታ። ወደ መደባቸውም ተመለሱ። ቴሌቪዥኑ ሺሺሺ ይላል። ኋላ ሲናገሩ ለተማሪዎቻቸው ጥዋት ጥዋት በሚናገሩበት ድምፅ ነበር። ያን እሑድ መላእክት ተፈጥረው በጨለማ ነበሩ አሉ፤ ማን እንደፈጠራቸው ገና አላወቁም። አንዱ ተነሥቶ «የፈጠርኳችሁ እኔ ነኝ» አለ። ያላወቀውን አውቃለሁ አለ፤ ወደቀ። ቅዱስ ገብርኤል ግን ፈጣሪያችንን እስክናውቅ ድረስ በያለንበት እንቁም አላቸው። ቆሙ። ብርሃኑ የመጣው ቆመው ሳሉ ነው።

«አስተማሪ ሲዋሽ ተማሪ ነው የሚጠፋው» አሉ። «እስከማውቀው ድረስ ብሎ ለሚቆም ሰው ልጄን ብሰጥ አልፈራም። በሉ አሁን ተቀመጡ። ቆማችኋል።»

ከመጋረጃው ወዲያ አንድ ነገር ወደቀ፤ ብርጭቆ ይሁን ትሪ አልታወቀም። ባንተአምላክ ተነፈሰና አግዳሚው ላይ ዘጭ አለ። ቄሱም ተቀመጡ። ምንይሉ ግን እንደቆመ ቀረ።

«ተቀመጥ እንጂ፣ እሺ ብለናል እኮ» አሉት ወይዘሮ ይርጋነሽ።

«ሰምቻለሁ እሜቴ» አለ ምንይሉ በጭንቀት። «አልታጠፍ አለኝ።»

ጉልበቱ ደርቋል። ባንተአምላክ በአንድ ብብቱ፣ ቄስ ገብረ ክርስቶስ በሌላው ገብተው፣ የዕቃ ቁም ሣጥን እንደሚያወርድ ሰው እያዘነበሉ አግዳሚው ላይ አሳረፉት፤ ሁለቱም ጉልበቶቹ ጧ፣ ጧ አሉ። የኔታ ያን ጊዜ ነው በሙሉ አፋቸው የሳቁት። ስርጉት በአስደንጋጭ ፍጥነት ከመጋረጃው ወጥታ፣ ለሽማግሌ እጅ ከመንሣቷ በፊት ጉልበቱን ይዛ እያጠፈች እየዘረጋች ታየው ጀመር፤ ነርስነቷ ከአገር ወጉ ቀድሞ መጣ። እናቷ አንቺ ልጅ ቢሏት አልሰማችም። ከአጎነበሰችበት ቀና ሳትል በሹክሹክታ እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ አለችው፤ ቀጥላም ከዛሬ ወዲያ መሰላል ላይ እንዳላይዎት አለች።

ይህን ትእዛዝ የጠበቀው ማዕድ እስኪነሣ ድረስ ነው። ተበልቶ ሲያበቃ ወይዘሮ ይርጋነሽ ዲሹ ዝናቡ ካጠፋው ወዲህ አልሠራ እንዳለ ጣል አደረጉ። ምንይሉ ቁልፉን ከኪሱ አወጣ። ስርጉት ብትቆጣም መሰላል ተያዘለት፤ ጣሪያው ላይ ወጥቶ የዛገውን ብሎን ፈታ፣ ጥቂት ገፋ፣ ጥቂት መለሰ። ከታች ወይዘሮ ይርጋነሽ በመስኮት ሆነው ሄደ፣ ሄደ፣ ሲሉ ቆዩና በመጨረሻ «መጣ!» አሉ።

ያኔ የኔታ ወደ ግቢ ወጡ፤ በእጃቸው ግንባራቸውን ጋርደው ወደ ጣሪያው አዩ።

«ምንይሉ! ያቺን አንዷን አጠፋሃት እንዴ?»

ምንይሉ ከላይ ሆኖ አስረዳ፤ ዲሹ ሲሠራ ጉንዳኑ አይታይም፣ ነገር ግን የሪሲቨሩን ገመድ ነቅለው የቴሌቪዥኑን የራሱን አንቴና ካወጡት ትመጣለች። መልሰው ይንገሩኝ አላቸው። የኔታ ቃል ሳያጎድሉ መልሰው ነገሩት። ዛሬም አንዳንድ ቀን፣ ከምሽቱ ፕሮግራም በፊት፣ ተማሪዎቻቸውን በቤታቸው ሰብስበው ገመዱን ይነቅላሉ፤ ይህች ከመቶ አንዷ ናት፣ ለምርመራ እንጂ ለእምነት አላመጣኋትም ይላሉ። ወይዘሮ ይርጋነሽ በር ላይ ቆመው ዜናው እንዳያልፋቸው ያጉረመርማሉ።

ሠርጉ በጥር ሆነ። ምንይሉም ቢቸና ላይ ወሬውን ለማቅናት ቀድሞ የወጣባቸውን ጣሪያዎች ሁሉ ዞሮ፣ ከመቶ አንዷ ብቻ ናት፣ ድምፅም አይደለችም፣ ብርሃን ናት እያለ ተናገረ። ግማሹ ሰው የመጀመሪያው ይሻለን ነበር አለው። አምሳለች ግን የቤታቸው ቴሌቪዥን በተንሿሿ ቁጥር ከጓዳ ብቅ ትላለች።

«አንዷስ የፍጥረት ናት፤ እሺ» ትለዋለች። «ዘጠና ዘጠኙ ግን የእጅህ ሥራ ነውና ተነሥተህ አስተካክል።»

ተነሥ ባትለው ጥሩ ነበር። ጉልበቱ ገና አልዳነም።